ከታች፣ በግራ በኩል

አርብ ጠዋት እንደ ማንኛውም ጠዋት ነበር። እናታቸው በመመገቢያው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነጭ ጋውኗን ትተኩሳለች፤ መድኃኒት ቤቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል፣ ቁልፉም እሷ ዘንድ ነው። ቆቂት የቁርሱን ሳህኖች አጥባ ደረደረች፤ እጇን ጠረገችና የአኳሪየሙን መብራት ልታበራ ወደ ሳሎን ሄደች። ወንድሟ አፈ ጉባኤ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ ከቶ ሌላኛውን ጫማ በዓይኑ እየፈለገ፣ ማንም ያልጠየቀውን ሕልሙን ያወራል።

ቆቂት የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው። ሕፃን ሳለች ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ትል ነበር። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስሙ ግን እንደተለጠፈባት ቀረ። ወንድሟን አፈ ጉባኤ ያለችው ደግሞ እሷ ናት። ገና በዘጠኝ ዓመቱ፣ በዚያ ቤት ሰው ሁሉ የሚናገረው በእሱ ፈቃድ ይመስለዋል።

አኳሪየሙ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ነው፤ ሃያ አምስት ጀሪካን ውኃ ይይዛል። አባቷ አምስት መስታወት በሲሊኮን ማጣበቂያ አያይዞ በገዛ እጁ የሠራው እሷ ከመወለዷ በፊት ነው። እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፏል። ዓሣዎቹን መመገብና ውኃቸውን መቀየር፣ ማንም ሳያዛት፣ የእሷ ሥራ ሆነ።

ምግባቸውን በተነችላቸው። እሜቴ፣ ያቺ ሆዳም ወርቃማ ዓሣ፣ እንደ ሁልጊዜው ሌሎቹን ገፍታ ቀደመች። ዘበኛ የሚሉት ጥቁሩ ዓሣ በአፉ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ንቅንቅ አላለም።

«ጫማዬን ያየ አለ?» አለ አፈ ጉባኤ።

«እግርህ ላይ ያለውን?»

«ሙድ አትያዢብኝ። ሌላኛውን።»

ከሶፋው ሥር አገኘው። ከዚያ ቦርሳውን በአንድ እጁ አንስቶ ወደ ጀርባው ወረወረው። በቦርሳው ጎን ኪስ ውስጥ የብረት ኮዳ ነበር። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ትንሽ ድምፅ፣ እርሳስ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት።

ሦስቱም ዞረው አዩ። በፊት ለፊቱ መስታወት ላይ፣ ከቀኝ በኩል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ወጥቷል። ስንጥቁ አንድ ስንዝር ይሆናል። እያዩት አንድ ስንዝር ተኩል ሆነ።

«እኔ አይደለሁም» አለ አፈ ጉባኤ፣ ኮዳውን በሁለት እጁ እንደያዘ።

እናታቸው አልተቆጣችም። የካውያውን ገመድ ነቀለች፤ ቀጥላ የአኳሪየሙን መብራትና የአየር መንፊያ ነቀለች። «መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ» አለች። «አሁን በርሜሎቹን አምጡ። ሁለቱንም። ሳፋውንም።»

ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት እንዴት እንዳለፈ ቆቂት በቅጡ አታስታውስም። የውኃ ጎማውን በአፏ ስባ ውኃው ሲመጣ የጠጣችው እሷ ናት፤ ያንን ግን ጣዕሙ አላስረሳትም። ከስንጥቁ ላይ ውኃ እንደ ላብ ማቸፍቸፍ ጀመረ። እናቷ የተተኮሰውን ጋውን ለብሳ፣ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ፣ በወንፊት ዓሣ ታድናለች። አፈ ጉባኤ በርሜሉ ላይ ተደፍቶ እንደ ምርጫ ቆጣሪ ይጮኻል።

«ስድስት። ሰባት። እማ፣ እሜቴ ጠበበኝ እያለች ነው። ስምንት።»

«እሷ መቼ ሰፍቷት ያውቃል» አለች ቆቂት፤ ሳታስበው ሳቀች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ርሷል፣ ትምህርት ቤት አርፍዳለች፤ ግን ከረጅም ጊዜ ወዲህ ሦስቱም አንድ ነገር አብረው ሲሠሩ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

አሥራ አንደኛው ዘበኛው ነው። አልላቀቅም ብሎ ከነመስታወቱ ሊሄድ ምንም አልቀረውም።

ውኃው ሲያልቅ እናቷ ባዶውን ገንዳ ትንሽ አየችው። ከዚያ ጋውኗን እያወለቀች፣ «ሁለት ሳምንት» አለች። «ከዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ድረስ ውኃ ከያዘ ይቆያል። ካልያዘ ለሆቴሉ ሰውዬ እደውላለሁ። ግቢው ውስጥ ላለው ኩሬ ዓሣ ስጡኝ ካለ ቆይቷል። በበርሜል ውስጥ ከዚያ በላይ አይኖሩም፣ ቆቂት። ታውቂያለሽ።»

ቆቂት ታውቃለች። የሆቴሉን ኩሬም ታውቀዋለች። ወፎቹ ጠዋት ጠዋት ዳሩ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

«ይይዛል» አለች።

* * *

ጋሽ መስታወት ቅዳሜ ጠዋት አዲሱን መስታወት በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ከአንድ ተሸካሚ ጋር እንደ ታማሚ ይዘው መጡ። የሰፈሩ መስታወት ቆራጭ ናቸው። ልኬት በወረቀት አይጽፉም። ከዋዜማው ማታ መጥተው በቀጭን የእንጨት ዘንግ ለክተው፣ ዘንጓን በልኩ ቆርጠው ይዘው ሄደዋል። «ቁጥር ይረሳል፣ እንጨት አይረሳም» ይላሉ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሁሉ ለእሳቸው ዶክተር ነው።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አሏት እናቷን። «እኔ የመስኮትና የበር ሰው ነኝ። ቆርጬ እገጥምልሻለሁ። የውኃ ነገር ግን የባልሽ ሙያ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ሲሊኮን እንዴት እንደሚለሰልስ ለእኔም ያሳየኝ እሱ ነው።»

«ዶክተር አይደለሁም እኮ፣ ጋሼ። የፋርማሲ ሰው ነኝ።»

«እሱም ያው መርፌ ነው።»

አሮጌውን መስታወት ሲያወጡ ቆቂት ትንፋሿን ያዘች። ጋሽ መስታወት ቀጭን ሽቦ በመገጣጠሚያው ውስጥ አሳልፈው፣ አንዱን ጫፍ ለተሸካሚው ሰጥተው፣ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እየሳቡ ሲሊኮኑን ቆረጡት። የተሰነጠቀው መስታወት ወደ ፊት ዘመም ሲል አፈ ጉባኤ አፉን በእጁ ያዘ። መስታወቱ ሳይሰበር ወጣ። ገንዳው አፉን ከፍቶ ቀረ።

«አሁን ዋናው ሥራ» አሉ ጋሽ መስታወት። «ይሄ የቀረው አሮጌ ሲሊኮን አንድም ሳይቀር ይፋቃል። አንድም። አዲሱ ሲሊኮን መስታወት ላይ ይይዛል፤ አሮጌ ሲሊኮን ላይ ግን አይይዝም። የያዘ ይመስላል፣ ውኃ ሲመጣ ይለቃል።»

እናቷ ከመድኃኒት ቤቱ የቀዶ ጥገና ምላጭና አልኮል አምጥታለች። የቀኙን ጎን እሷ ያዘች፤ የግራው ለቆቂት ደረሰ። አፈ ጉባኤ ፍቅፋቂውን እየለቀመ ሥራውን ይቆጣጠራል። ሥራው ያስደስታል። ምላጩ በትክክለኛው አቅጣጫ ሲገባ ሲሊኮኑ እንደ ረጅም ትል ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ከሥሩ ንጹሕ መስታወት ብቅ ይላል። ቆቂት አንዱን ረጅም ቁራጭ ይዛ ለወንድሟ አሳየችው።

«ከእናንተ ክፍል ማስመሪያ ይረዝማል።»

«ከአንቺ ምላስ አይረዝምም።»

«ኧረ ተው፣ ምላስ ማን አስተምሮኝ።»

ከዚያ ታችኛው ጥግ ደረሰች። በደረቷ ተኝታ፣ ጭንቅላቷን ገንዳው ውስጥ አስገብታ፣ የእጅ ባትሪውን አቀረበች። የግራው መስታወት ከወለሉና ከፊተኛው መስታወት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሲሊኮኑ ወፈር ብሎ ክብ ሆኗል። ክቡ ላይ ጥቃቅን መስመሮች አሉ። መጀመሪያ ቆሻሻ መሰላት፤ በአልኮል ጠረገችው። መስመሮቹ ይበልጥ ጠሩ። እየተጠማዘዙ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እየዞሩ፣ መሐል ላይ ትንሽ ቀለበት ይሠራሉ።

የአውራ ጣት አሻራ ነው።

በጠርዙ ላይ አንድ አጭር ጠባሳ መስመሮቹን ያቋርጣል። የአባቷ ቀኝ አውራ ጣት ላይ፣ መጋዝ የቆረጠው ቦታ ጠባሳ ነበር። ትምህርት ቤት ሲያደርሳት እጁን ስትይዝ ሁልጊዜ በጣቷ ትነካው ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ፣ ማንም አላየውም። ዞራ ልትጠራቸው ፈለገች፤ ተወችው። ብትነግራቸው ጋሽ መስታወት ምን እንደሚሉ ታውቃለች።

«ያንቺ በኩል አለቀ?» አለች እናቷ።

አሻራው ያለበት ሲሊኮን ከጥፍር አይበልጥም። ቆቂት ዙሪያውን በጥንቃቄ ፈቀፈቀች፤ እሱን አልነካችውም።

«አለቀ» አለች።

ጋሽ መስታወት መነጽራቸውን አድርገው ዙሪያውን አዩ፤ ወደ ታችኛው ጥግ ግን ጉልበታቸው አላጎነብስ አላቸው። «አንቺ ካልሽ አለቀ ማለት ነው» አሉ። አዲሱ መስታወት ገባ። የሲሊኮኑን መግፊያ ለቆቂት ሰጧትና፣ እሳቸው ከኋላ ቆመው «ቀስ፣ ቀስ፣ አሁን አትቁሚ፣ ሂጂ» እያሉ፣ ከላይ እስከ ታች ነጩን መስመር አሰመሯት። በረጠበ ጣቷ አለሰለሰችው። ጥጉ ላይ ስትደርስ አዲሱን ሲሊኮን እስከ አሻራው ዳር አምጥታ አቆመችው። የሚያምር ሥራ ነበር። እንዲደርቅ ሰባት ቀን ተባለ።

ሰባቱን ቀን ቆቂት እግሯ መሬት አልነካም። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደብተሯ ጠርዝ ላይ ጀሪካን ስትሥል ተያዘች። በየማታው የበርሜሎቹን ውኃ ትቀይራለች፣ እሜቴን «ትንሽ ቻይ» ትላታለች፤ ከመተኛቷ በፊት ደግሞ ባትሪውን ይዛ ባዶውን ገንዳ አንድ ጊዜ ታያለች። አሻራው እዚያው ነው። የእሷ ብቻ የሆነ ነገር ኖሯት አያውቅም ነበር።

* * *

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ መስታወት ሊያዩ መጡ። ከገንዳው ሥር ጋዜጣ አነጠፉ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ብትወርድ ወረቀቱ ላይ እንድትታይ ነው። ጀሪካኖቹን ቆቂትና እናቷ እየተቀባበሉ ገለበጡ። አፈ ጉባኤ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አምስት። አሥር። ውኃው በአዲሱ መስታወት ላይ ሲወጣ ሳሎኑ እንደገና ያ አረንጓዴ ብርሃን ተመለሰበት። አሥራ አምስት። ሃያ ላይ አፈ ጉባኤ፣ «ያዘ እኮ» አለ በሹክሹክታ።

ሃያ ሁለት ላይ ጋዜጣው ላይ አንድ ሳንቲም የሚያህል ጥቁር ነጥብ ወጣ።

ከታች፣ በግራ በኩል።

ጋሽ መስታወት በጉልበታቸው ሊንበረከኩ ሞክረው ሲያቅታቸው በጎናቸው ተቀመጡ። ጠብታዋን በጣታቸው ነኳት። ሌላ መጣች። ፊታቸው ተለወጠ።

«የእኔ ጥፋት ነው» አሉ።

«እንዴት ይሆናል፣ ጋሼ» አለች እናቷ።

«ቆረጣው ነው። ጥጉ ላይ አንድ ሚሊ ጎድሎ ይሆናል። አንድ ሚሊ ለበር ምንም አይደለም፣ ለውኃ ግን በር ነው።» የእንጨቷን ዘንግ ከኪሳቸው አወጡና ታች ጠርዙ ላይ አስተካከሏት። ልክ ነበረች። ገልብጠው እንደገና ለኩ። አሁንም ልክ ነበረች። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እጄ አርጅቷል ማለት ነው። ዓይኔም። በሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር...» አልጨረሱትም። «ሌላ መስታወት እቆርጥልሻለሁ፣ ዶክተር። ይህን የሚያህል ውፍረት ግን ከአሥር ቀን በፊት አይመጣም።»

አሥር ቀን። ቆቂት እናቷን አየቻት። እናቷ ወደ በርሜሎቹ ነበር የምታየው። ውኃው ላይ አረፋ ተጠራቅሟል፤ እሜቴ ወደ ላይ ወጥታ አየር ትስባለች።

«ሰውዬው ጋ ብደውል ይሻላል» አለች እናቷ፤ ለራሷ እንደምትናገር። «ተሞከረ። ደግ ነው።»

ቆቂት ዝም ብትል አሻራው ይተርፋል፤ ገንዳውም ባዶውን፣ ከነአሻራው፣ ወደ አንድ ጥግ ይገፋል። ዝም ብትል ጋሽ መስታወት ዘንጋቸውን ይዘው፣ እጄ አርጅቷል እያሉ ወደ ሱቃቸው ይሄዳሉ። መሣሪያቸውን መሰብሰብ ጀምረዋል። መግፊያውን፣ ሽቦውን፣ ብርድ ልብሱን።

በሩ ጋ ደርሰው ነበር።

«ጋሼ፣ ቆረጣዎ አይደለም።»

ዞሩ።

«አለቀ ያልኩዎት አላለቀም ነበር። ግራው ጥግ ላይ ያለውን አሮጌውን አልፋቅሁትም። ትንሽ ትቻለሁ። ሆነ ብዬ ነው።»

«ሆነ ብለሽ?» አሉ ጋሽ መስታወት። «እኔ አንድም አይቅር ብዬ ስመክርሽ እንዳልዋልኩ። ምን ቤት ነው ሆነ ብለሽ?»

እናቷ ከወንበሯ ተነስታ ወደ ገንዳው ሄደች፤ የግራው ጥግ ጋ አጎነበሰች። ፍለጋ አላስፈለጋትም። ቀጥታ ቦታው ጋ ነው የሄደችው።

«የአባትሽ ጣት» አለች።

«ታውቂው ነበር?» አለች ቆቂት።

«ሲጫነው አምፖሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ። አንቺን አርግዤ ነበር፤ እግሬ አብጦ መቆም አልችልም። እንቅልፌ መጣ፣ ቶሎ ጨርስ እለዋለሁ። እንደ ፊርማ ይሁንልኝ አለና ተጫነው።» እናቷ ቀና አለች። «ቅዳሜ ለት የግራውን ጎን ለአንቺ የሰጠሁሽ ለዚያ ነው። እኔ እጄ አልታዘዝ ቢለኝ ብዬ። ለአንቺ ሲሊኮን ብቻ ይሆናል ብዬ ነበር።»

ጋሽ መስታወት የያዙትን ዕቃ ሁሉ ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርጉት ሳያውቁ መልሰው አደረጉት።

«እና ዓሣዎቹ ይሄዳሉ?» አለ አፈ ጉባኤ። «ማን ነው የሚወስነው?»

እናቷ የቀዶ ጥገናውን ምላጭ ከመሳቢያው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ለማንም አልሰጠችውም።

«ከጥጉ አንድ ክንድ ያህል ከተፋቀ እስከ ቅዳሜ ይደርቃል ወይ፣ ጋሼ?» አለች ቆቂት።

«ዛሬውኑ ከተፋቀ ልክ ሰባት ቀኑ ነው።»

ጎማውን አመጣች። ሃያ ሁለቱ ጀሪካን ውኃ እንደገና ወጣ፤ ጥጉ በጨርቅ፣ በፀጉር ማድረቂያ፣ በአልኮል ደረቀ። ቆቂት በደረቷ ተኛች፤ ጭንቅላቷን አስገባች። ጥጉ ጨለማ ነበር፤ ባትሪውን በአፏ ልትይዝ ስትል ከላይ ብርሃን መጣ። እናቷ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አምፖሉን ይዛላታለች። እጇ አይንቀጠቀጥም።

ቆቂት አንድ ጊዜ አውራ ጣቷን አሻራው ላይ አሳረፈች። ከእሷ ጣት ይሰፋል። ከዚያ ምላጩን ከሥሩ አስገባች። አንድ ላይ ይወጣል ብላ ነበር፤ ግን አርጅቶ ኖሮ በሦስት ፍርፋሪ ወጣ። መዳፏ ላይ አገጣጠመችው። ነጭ ጎማ ብቻ ነበር። መስመሮቹ አይታዩም።

አዲሱን ሲሊኮን ስታስገባ ጋሽ መስታወት ከኋላ፣ «ቀስ፣ አትቁሚ» አሉ። በረጠበ ጣቷ አለሰለሰችው፣ ሁለቴ።

«በይ አንቺም ተጫኚው» አሉ። «ፊርማ ነው። ዳሩ ላይ ከሆነ ለውኃው ችግር የለውም።»

ቆቂት አውራ ጣቷን አነሳች፤ ጥጉን ትንሽ አየችው። ከዚያ ጣቷን በጨርቅ ጠረገች።

«ይበቃዋል» አለች።

* * *

ከሳምንት በኋላ ቅዳሜ ሃያ አምስቱም ጀሪካን ገባ። ጋዜጣው እስከ ከሰዓት ድረስ ደረቅ ነበር፤ ጋሽ መስታወት በእጃቸው መዳፍ፣ አፈ ጉባኤ በጉንጩ ነክተው አረጋገጡ። የሆቴሉ ሰውዬ ደውሎ ነበር፤ እናቷ «ዓሣ የለንም፣ ይቅርታ» ስትል ቆቂት ከጓዳ ሰማች። እሜቴ መጀመሪያ ገባች፤ ቤቱን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ዞራ እንደ ባለርስት አየችው። ዘበኛው በአዲሱ መስታወት ላይ ተለጠፈ። አፈ ጉባኤ አሥራ አንድ ብሎ ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ የሚናገረው አጥቶ ዝም ብሎ ሳቀ። እናታቸውም ሳቀች፤ በሙሉ ድምፅዋ።

ቆቂት መብራቱን አበራች። ከፊት ለፊት ተንበርክካ ጥጉን አየችው። ሲሊኮኑ ንጹሕ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ አንድም ጠብታ አያሳልፍም። ከታች በግራ በኩል የነበረው የአባቷ አሻራ የለም።